ግሪሳ ይብሳል ወይስ አቀንጭራ

ባሌ ሙህዲን ከግሪሳ የከፋ ነገር አላህ አልፈጠረም ባይ ነው። እኔ ደግሞ አቀንጭራን እፈራለሁ። ሰው ሲሰማን ይስቃል። አንዷ ወፍ ናት፣ አንዱ አበባ ነው፤ ባልና ሚስት ስለ ወፍና ስለ አበባ ሲነታረኩ ሰምቶ ማን የማይስቅ አለ? የሚስቀው ግን ማሽላ ዘርቶ የማያውቅ ሰው ነው። በእኛ አገር፣ ከጨፋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ፣ ማሽላውን ከላይ ወፍ ከታች አበባ ሲካፈሉበት የኖረ ሰው አይስቅም።

ግሪሳ ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት። አንዷን ለብቻዋ ብታዩአት ታሳዝናችኋለች፤ ያቺን ቀይ ምንቃሯን ይዛ ምን ታመጣለች ትላላችሁ። ለብቻዋ ግን አትመጣም። ከቆላው በኩል እንደ ጭስ ተነስታ ስትመጣ ፀሐይ ትጋርዳለች። ማሽላው ወተት ቋጥሮ ሳለ ታርፍበታለች፤ ስትነሳ የሚቀረው ገለባ ነው። ይሁን እንጂ ትታያለች፣ ትሰማለች። መጣች ተብሎ ይጮኻል፣ ሬዲዮ ያወራላታል፣ ሲብስም አውሮፕላን ተልኮ መድኃኒት ይረጭባታል።

አቀንጭራ እንዲህ አይደለም። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፣ ለሙሽራ ጉንጉን የተተከለ ይመስላል። ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት ግን ሥራውን ጨርሷል። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር ገጥሞ ሲጠባ ከርሟል፤ አበባውን ባያችሁበት ቀን ማሽላው በዝናብ መሀል ቆሞ ይጠወልጋል። ዘሩ ትቢያ ነው። ነፋስ ይወስደዋል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ነቅላችሁ ለላም ብትሰጡት ከእበቷ ጋር ተመልሶ ማሳ ይገባል፤ ከዚያም አፈር ውስጥ ዓመታት ይተኛል። ለእሱ አውሮፕላን አይመጣም። ለእሱ የሚመጣው ሐሜት ነው። «የእነ ሙህዲን ማሳ አበበ» ይሉና አፋቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ፤ የማንን ሐቅ በልተው ይሆን ይባባላሉ።

ያን ዓመት ግን ክርክራችን ቀልድ አልነበረም። ከሚሴ ላይ ባጃጅ እንደ አሸን የፈላበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መኸር አቀንጭራ ማሳችንን ጨርሶት፣ ጎተራችን ውስጥ አይጥ እንኳ ተስፋ ቆርጣ ወጥታ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ሱዓድ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት አልመጣላትም። አብረዋት ከተማሩት ብዙዎቹ አረብ አገር ገብተዋል። አንድ ቀን ሙህዲን ከከሚሴ ሲመለስ በሩ ላይ ተቀመጠና፣ መሬት መሬት እያየ፣ «አንድ ደላላ አነጋግሬአለሁ። ፓስፖርቷን ታውጣ ነው የሚለው» አለኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የጎረቤቴ የረቢአ ልጅ ዘሃራ ከዚያው አገር ተመልሳ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ማንኪያ ሲወድቅ ትጮኻለች፤ እናቷ ሮጣ ታቅፋታለች። ያቺን ልጅ በየቀኑ እያየሁ የገዛ ልጄን አሳልፌ ልሰጥ?

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም» አልኩት።

«ታዲያ ምን እንብላ ዓፊያ? ንገሪኛ! ወንዶቹ ልጆችሽ ምን ይብሉ?»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ማሽላው ይወስን አልን። ዓመቱን የሚያደርሰን እህል ከገባ ሱዓድ የትም አትሄድም፤ ካልገባ ግን እኔ አፌን እይዛለሁ። ፓስፖርቷ ግን እስከዚያ ወጥቶ ደላላው ዘንድ ይቆይ አለ፤ በዚህ ተስማምተን ውሉን ለማጽናት ፋቲሃ ቀራን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም ብል ውሸት አይሆንም።

የግብርና ሠራተኛው ኸይረዲን አዲስ ዘር ይዞ ወደ መንደራችን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አጭር ማሽላ ነው፤ አቀንጭራን ይቋቋማል፣ ደግሞም ቶሎ ይደርሳል አለን። «አንድ ነገር ግን አደራ» አለ፤ «ከዘራችሁ ሁላችሁም አብራችሁ ዝሩ። ሁሉም ማሳ አብሮ ሲደርስ ወፏ ትከፋፈላለች። ለብቻው ቀድሞ የደረሰ ማሽላ ግን ለግሪሳ ሰርግ ነው።» ሰዉ ሰማው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «አላህ ይስጥህ» ብሎ መረቀው፣ ከዚያ ሄዶ የአባቱን ዘር ዘራ። ከመንደሩ ያን ዘር የተቀበልኩ እኔ ብቻ ነኝ።

«አንቺ ሴትዮ ጤናም የለሽ?» አለኝ ሙህዲን። «የሰው ማሳ ገና ሳያፈራ የእኛ ሊያሸት ነው እኮ! መልእክተኛ ላኪና ግሪሳን ጥሪያታ!»

«ግሪሳን ማባረር ይቻላል። ወንጭፍ አለ፣ ጅራፍ አለ፣ ጉሮሮ አለ። አቀንጭራን በምን ታባርረዋለህ? በቁጣህ?»

«አቀንጭራ ቢያንስ ጥቂት ይተውልሻል። ግሪሳ ምን ትተዋለች?»

«መሬቱን ትተውልሃለች! በልታ ትሄዳለች። እሱ ግን ለከርሞም፣ ለልጅ ልጅህም እዚያው አፈርህ ውስጥ ነው።»

«እኔ ስለ ከርሞ ምን አገባኝ?» ብሎ ጮኸ። «ልጄ የምትሄደው ዘንድሮ ነው!»

ሱዓድ ጥግ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። በማግስቱ ማሳውን ለሁለት ከፈልነው። ወደ ወንዙ ያለውን እሱ የአባቱን ዘር ዘራበት፤ ወደ መንገዱ ያለውን እኔ አጭሩን ዘር ዘራሁበት። እንዲህ አድርገን ቢያንስ አንዱ ይተርፋል አልን።

ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና አላህ ነን የምናውቀው። ወደ ማሳ ስሄድ መሬት መሬቱን አያለሁ፣ ከማሳ ስመለስ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ግማሹን እየመለስኩ ግማሹን እረሳለሁ። አንድ ቀን ረቢአ፣ «አንገትሽን ምን ሆንሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እላታለሁ? በሷ ልጅ የደረሰው በልጄ እንዳይደርስ ፈርቼ መሆኑን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? አንገቴን ይዞኝ ነው አልኳት።

ቀድሞ የመጣው አበባው ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሙህዲን ግማሽ ውስጥ አንድ እግር አቀንጭራ አየሁ፤ በሚቀጥለው ቀን ከወንዝ እስከ ድንበር ብቅ ብቅ ብሏል። ሳያብብ እንንቀለው ብለን ቤተሰቡ ሁሉ ተንበረከክን። ዝናቡ ግን ያጠጣዋል፣ እኛ ስንነቅል ከኋላችን ይበቅላል። ሱዓድ ቀድሞ ያበበ አንዱን ነቅላ እያየች፣ «ያምራል እኮ እማ» አለችኝ። «ጣይው!» ብዬ ጮህኩባት። ምን አበሳጨኝ? ማማሩ ነው ያበሳጨኝ። የሚበላኝ ነገር ቢያንስ መልኩ ያስጠላ።

መስከረም ሲጠባ የሙህዲን ግማሽ አለቀለት። ቁመቱ ከወገብ አላለፈም፤ ራስ የያዘው ጥቂት ነው፣ የያዘውም ባዶ። ሙህዲን ዳር ላይ ተቀምጦ፣ «እንግዲህ የቀረን ያንቺው ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሴን አላስቀምጠውም ነበር። ያን ዕለት ግን ዞሬ የእኔን ግማሽ አየሁ። እስከዚያ ቀን ፍርሃቴን በሁለት ማሳ ከፍዬ ነበር የምፈራው፤ አሁን ሁሉም ተሰብስቦ በእኔ ግማሽ ላይ ወደቀ።

የእኔ ግማሽ እንደ ኸይረዲን ቃል አቀንጭራ አልደፈረውም። አምሮበት ቆመ፣ ራስ አወጣ፣ ወተት ቋጠረ። በዙሪያው ያለው የጎረቤት ማሽላ ግን ገና ቅጠል ነው። ከሩቅ ሲታይ በአረንጓዴ ሜዳ መሀል ነጣ ያለ አንድ ማሳ፤ ግሪሳ ዓይን ባይኖራት እንኳ ታገኘው ነበር። ሙህዲን ቤት ውስጥ እህል ስለሌለ ለቀን ሥራ ወደ ራቅ ያለ እርሻ ሄደ። ወንዶቹ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ማማ ሠራንና ጠዋት ጠዋት ሱዓድ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ መጠበቅ ጀመርን።

በእኛ አገር ወፍ ጠባቂ ለወፍ ብቻ አይደለም የሚጮኸው። አንዱ ከማማው ላይ «ሃያ! ሃያ!» ሲል የሚቀጥለው ማማ ይቀበለዋል፣ እሱን ደግሞ ሌላው ይቀበለዋል፤ ድምፁ ከማሳ ማሳ እየተቀባበለ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ዝም ያለ ማማ ካለ ተኝቷል ወይም ታሟል ማለት ነው፤ ሰው ሄዶ ያየዋል። ያን ዓመት ግን ሌላ ማማ ገና አልተሠራም። ልጄ ብቻዋን ትጮኻለች፣ የሚቀበላት የለም። እኔ ቤት ሆኜ፣ ውሃ ስቀዳም ላም ሳልብም፣ ጆሮዬን አቁሜ እሰማታለሁ። «ሃያ!» ስትል እተነፍሳለሁ፤ ዝም ስትል ትንፋሼ ይቆማል።

ግሪሳዋ ደረሰች። መጀመሪያ ጥቂቶቹ መጡ፣ ለመቅመስ ያህል። ከዚያ ከረግረጉ ደንገል ውስጥ እያደሩ በየጠዋቱ እንደ ደመና ይነሱ ጀመር። ኸይረዲን ዘንድ ሮጥኩ። «አመልክቻለሁ እማማ ዓፊያ፤ ግን ለአንድ ማሳ አውሮፕላን አይነሳም። የሌላው ሰውም ሲያሸት ያኔ ይመጣል» አለኝ። «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አለኝ። አላህስ ያውቃል፤ ወፎቹም ያውቁ ነበር።

ሱዓድ ግን ወንድ ሆነች። ጅራፏ ሲጮኽ ከቤት ይሰማኛል። ድምፅዋ እስኪሰልል ትጮኻለች፣ በወንጭፍ ትወረውራለች፤ ማታ ማታ ክንዷን ማንሳት ያቅታታል። እኔ ክንዷን በቅቤ እያሸሁ፣ ይህች ልጅ ላለመሄድ እንዴት ትታገላለች እያልኩ በልቤ አለቅሳለሁ። «ጥቂት ቀን ነው የቀረው ልጄ፤ ጠንከር ካለ ወፍ አይፈልገውም። ሶብር አድርጊ» እላታለሁ። እሷ ዝም ትላለች። ድካም ነው እላለሁ።

አንድ ጠዋት ላሟን እያለብኩ ድምፅዋ ጠፋ።

ውሃ እየጠጣች ይሆናል አልኩ። ጠበቅሁ። ድንጋይ እየለቀመች ይሆናል። ጠበቅሁ። ጅራፉም የለም። እባብ! ማማው ሥር ሣሩን ሳላጭደው ከርሜ ነበር። ወይ ደግሞ ከላይ ወደቀች። ያረቢ፣ ያረቢ እያልኩ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ የሰማሁት የወፍ ጫጫታ ነው፤ ማሳው በሙሉ ይንጫጫል። እያንዳንዱ የማሽላ ራስ ላይ ወፍ ተንጠልጥሏል። ልጄ ማማው ላይ ቁጭ ብላለች። ወንጭፉን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ወፎቹን ታያለች።

ጓል አንስቼ ወረወርኩ፣ ጮህኩ፣ ነጠላዬን አራገብኩ። ከአንዱ ጥግ ተነስተው ወደ ሌላው ጥግ ሰፈሩ።

«ሱዓድ! ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ነከሰሽ? አመመሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ሳትሆኚ ነው እህሉን የምታስበዪው?»

«አዎ።»

እንዲህ አለችኝ። አዎ። ማማው ላይ ሆና ቁልቁል እያየችኝ።

«ትናንት ደላላው በረቢአ ስልክ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ቪዛዬ ወጥቷል። የአባ ግማሽ ሲጠፋ በቃ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ያንቺ ግን አልጠፋም። ይሄ እህል ከገባ አትለቁኝም። እናንተ ፋቲሃ ቀርታችኋል። እኔን የጠየቀኝ አለ?»

«ስትጮሂ የከረምሽው ታዲያ…»

«ልቤ እምቢ እያለኝ ነው የጮህኩት። እናንተ ተርባችሁ እንዴት ቁጭ ብዬ አያለሁ? ዛሬ ግን ወሰንኩ።»

«ዘሃራን አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ» አለች። «አንቺንም አያለሁ።»

ይህን ስትል አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «መሬት እያየሽ ሄደሽ ሰማይ እያየሽ ስትመለሺ ስንት ዓመት ሙሉ አይቼሻለሁ። ዘንድሮ እኔን ታስቀሪኛለሽ። ለከርሞ ወፏ ትመጣለች፤ አበባው እንደሆነ የትም አልሄደ። እኔም እዚህ ማማ ላይ ነኝ። ዘሃራ የሆነችውን ልሆን እችላለሁ፣ አውቃለሁ፣ እፈራለሁም። ግን ልሞክረው እማ። ከከለከላችሁኝ ከሌሎቹ ጋር በባቲ አድርጌ በእግሬ እሄዳለሁ። ወላሂ እሄዳለሁ።»

በባቲ በኩል ወደ በረሃው የወረዱትን ልጆች ሁሉም ያውቃል። ከእነሱ መካከል ባሕር ደርሰው የደወሉ አሉ፤ ያልደወሉም አሉ። ያልደወሉት ልጆች እናቶች ገበያ ላይ የማያውቁትን መንገደኛ ሁሉ ፊት ለፊት ቆመው ሲጠይቁ አይቻለሁ።

እኛ እንዲህ ስንነጋገር ወፎቹ ይበላሉ። አንድ ቃል በተናገርን ቁጥር ከአንድ ማሽላ ራስ ላይ አንድ ጉንጭ ይሄዳል። ለማሰብ ጊዜ የለም። ለማልቀስም ጊዜ የለም። ልጄን ለማስቀረት ማሽላዬ ይበቃኛል ብዬ ክረምቱን ሙሉ መሬትና ሰማይ ሳይ ከርሜአለሁ፤ አሁን ማሽላው ከተበላ ልጄም ትሄዳለች፣ ወንዶቹም ይራባሉ። ማሽላው ከተረፈ ደግሞ በባቲ ትሄዳለች። ለእኔ የሚሆን መንገድ አጣሁ።

«ተነሺ» አልኳት።

«እማ…»

«ተነሺና ጩኺ። ውሉን ትቼዋለሁ። እህሉ ቢገባም ትሄጃለሽ። በፓስፖርትሽ፣ በአውሮፕላን ትሄጃለሽ። በባቲ ግን አትሄጂም። ርቦን አትሂጂ። ጠግበን ሂጂ።»

«ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ!» ብዬ ጮህኩ። «ወላሂል አዚም! ጩኺ!»

ተነስታ ቆመች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች ልጅ ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ሃያ!» ስትል ማሳው ባዶ የሆነ እስኪመስል ወፉ ሁሉ አንድ ላይ ተነሳ። እኔ ከታች ጅራፉን አነሳሁ። እስከ ቀትር ድረስ እሷ ከላይ እኔ ከታች ሆነን አባረርን። ከዚያ በኋላ ባሉትም ቀናት እንዲሁ። አንድም ጠዋት ዝም አላለችም። ድምፅዋ በተሰማኝ ቁጥር ግን እንደ በፊቱ እፎይ አልልም። እንዲያም ሆኖ ዝም እንዳትል እጸልያለሁ።

ለሙህዲን አልነገርኩትም። በስልክ የሚነገር አይደለም፤ በሰው የሚላክም አይደለም። ሲመጣ እነግረዋለሁ እያልኩ ማሽላው ተቆረጠ፣ ደረቀ፣ ተወቃ።

የመጣው አውድማ ላይ ሱዓድ እያበጠረች እኔ ጆንያ እየያዝኩ ሳለ ነው። የተከመረውን ሲያይ ዱላውን ጣለ። በሁለት እጁ ዘገነና ፊቱ ላይ አስጠጋው። የእውነት አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ማየት ያስፈራል።

«አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ! ዓመት ያደርሰናል፣ ያልፋልም። ረታሽኝ ዓፊያ፤ አቀንጭራ ነው የሚብሰው፣ አምኛለሁ። ነገ ጠዋት ከሚሴ ወርጄ ያን ደላላ፣ ልጄ የትም አትሄድም፣ ፓስፖርቷን መልስ እለዋለሁ።»

«ትሄዳለች» አልኩት።

ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነው። እኔ ሳልስቅ ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«እህሉ እያለ?»

«እህሉ እያለ።»

«ማን ነው ትሂድ ያለው?»

«እሷ።»

ሙህዲን ወደ ሱዓድ ዞረ። ከመጣ ጀምሮ ያኔ ገና ነው ያያት። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቷን ነው?» አላት፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ። ሱዓድ ማበጠሯን አቆመች። ፊቷ ላይ ገለባ ተጣብቆ ነበር፤ ዓይኗ ደግሞ ቀልቷል።

«አዎ አባ» አለች።

ደመናው ከምሥራቅ በኩል ይጠቁር ጀመር፤ ዝናብ ከጣለ እህሉ አውድማ ላይ ይበሰብሳል። ሙህዲን ተነስቶ የጆንያውን አፍ ያዘ፣ እኔ ሞላሁ፣ ሰፋሁ። እሱ ከቀን ሥራው ወገቡ ተጎድቶ ነበርና መሸከም አልቻለም። ልጄን ያስቀርልኛል ያልኩትን እህል ልጄ ራሷ በጀርባዋ ተሸክማ ጎተራ አስገባችው።